የጠፋ ሳንቲም ስጦታ ነውን? ከሱረቱል ካህፍ የተወሰደ የጁምዓ ትምህርት



ዛሬ ጁምዓ ነው። ሱረቱል ካህፍን የቀራችሁ አልሐምዱሊላህ፤ ያልቀራችሁ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ አላችሁ። ስትቀሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህች ሱራ ውስጥ ተሰውሮ የቆየ ገንዘብ ሁለት ቦታ ላይ ይገኛል። አንደኛው የዋሻው ወጣቶች ከረጅም እንቅልፋቸው ሲነቁ ንጹሕ ምግብ እንዲገዛላቸው ለአንዱ የሰጡት የብር ሳንቲም ነው። ሁለተኛው ሊወድቅ ካዘነበለ ግንብ ሥር የተቀበረው የሁለት የቲሞች ሀብት ነው። ዛሬ ሁለቱንም ይዘን ወጣቶቻችን ስልካቸው ላይ ስለሚከታተሉት ገንዘብ እንነጋገራለን።

በሸዋ ሮቢት ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ፣ የማሾና የሽንኩርት ዋጋ ሲወራ ቆይቶ ወሬው ወደ ቢትኮይን ሲዞር ሰምታችሁ ይሆናል። ከሚነሱት ሐሳቦች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ "ቢትኮይን ከ21 ሚሊዮን አያልፍም። ከዚያም ላይ ብዙው ጠፍቷል። ሰው ቁልፉን በጣለ ቁጥር የቀረነው እንጠቀማለን። የጠፋው ለእኛ ስጦታ ነው።"

የዛሬው ጥያቄያችን ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። የጠፋ ገንዘብ ስጦታ ነውን?

አስቀድመን ሁለት ነገር እናጥራ። አንደኛ፣ ይህ ጽሑፍ "ግዙ" ወይም "ሽጡ" የሚል ምክር አይደለም። የብሔራዊ ባንክ በ2014 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን ተናግሯል። ሁለተኛ፣ በሸሪዓ ያለውን ብይን በተመለከተ ዑለማዎች ተለያይተዋል። የግብጽ ዳሩል ኢፍታ እ.ኤ.አ በ2018 መጀመሪያ በቢትኮይን መገበያየት አይፈቀድም ብሏል፤ በቅድመ ሁኔታ የፈቀዱም ዓሊሞች አሉ። ይህን የምትጠይቁት የምታምኑትን ዓሊም ነው እንጂ የቴሌግራም ቻናልን አይደለም።

*ገደቡ እና ቁልፉ*

ቢትኮይንን እንደ አንድ ትልቅ የሒሳብ መዝገብ አስቡት። መዝገቡ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ያነበዋል፣ ማንም ብቻውን አይሰርዘውም። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ በ2009 ነው። በግምት በየ10 ደቂቃው አዲስ ገጽ ይጨመርበታል፤ ገጹን ለጨመረው ሰው አዲስ ኮይን ይከፈለዋል። መጀመሪያ ላይ ክፍያው 50 ኮይን ነበር። በየ210,000 ገጹ፣ ማለትም በአራት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ፣ በግማሽ ይቀንሳል። 25፣ 12.5፣ 6.25 እያለ ወርዶ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2024 3.125 ላይ ደረሰ። እንዲህ እየቀነሰ ሄዶ እ.ኤ.አ በ2140 ገደማ አዲስ ኮይን መውጣቱ ያቆማል። ድምሩ ከ21 ሚሊዮን አያልፍም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ የማይሰረዝ ነገር እንዴት ይጠፋል? ኮይኑ ከመዝገቡ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቁልፉ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት ምስጢራዊ ቁልፍ አለው፤ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ በሚጻፉ 12 ወይም 24 ቃላት ይያዛል። ወረቀቱ ከተቃጠለ፣ ስልኩ ከተሰበረና ሌላ ቅጂ ከሌለ ኮይኑ መዝገቡ ላይ ለሁሉም እየታየ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ማንም አያንቀሳቅሰውም። "ቁልፌ ጠፋብኝ" ብላችሁ የምታመለክቱበት ቢሮ የለም።

በዌልስ ኒውፖርት ከተማ የሚኖረው ጄምስ ሆዌልስ የሚታወቀው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ በ2013 ወደ 8,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ቁልፍ የያዘው ሃርድ ዲስክ በስህተት ከቆሻሻ ጋር ተጣለ። ሰውየው የቆሻሻ መጣያው እንዲቆፈርለት ለዓመታት ሲከራከር ቆይቶ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2025 ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገበት። እንዲህ ባለ መንገድ የማይደረስባቸው የሆኑት ኮይኖች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው ተብሎ ይገመታል።

ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቀው የቢትኮይን ፈጣሪ እ.ኤ.አ በ2010 በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት ሰጥቶ ነበር። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ የጠፉ ኮይኖች የሌላውን ሰው ኮይን ዋጋ በትንሹ ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ለሁሉም እንደተደረገ ልገሳ ቁጠሩት የሚል ነው። የሻይ ቤቱ ወሬ ምንጩ ይህ ነው።

*ነገሩ ለይፋት አዲስ አይደለም*

ቁጥሩ በሌላ እጅ የተወሰነ፣ ሲጠፋም የማይተካ ገንዘብ አያቶቻችን ያውቁታል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ዑመሪ ስለ ይፋት ሱልጣኔት ሲጽፍ ሕዝቡ የራሱን ሳንቲም እንደማይመታ፣ ነጋዴዎች ከግብጽ በሚያመጡት ዲናርና ዲርሃም እንደሚገበያይ ዘግቧል። ስለዚህ በገበያው ውስጥ ያለው ገንዘብ መጠን የሚወሰነው በሚመጣው ቅፍለት ነበር።

ከዚያም የማርያ ቴሬዛ ብር መጣ፤ አያቶቻችን ጠገራ የሚሉት። 1780 የሚል ዓመት የያዘ፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከዚህም ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር የሆነ ሳንቲም ነው። እሱም የሚመታው በባሕር ማዶ ነው። ባንክ አልነበረም፤ ዘራፊና ጦርነት ግን ነበር። ስለዚህ ሰው ጠገራውን ማሰሮ ውስጥ ከትቶ ይቀብር ነበር። ቦታውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ያ ሰው ሳይናገር ከሞተ ማሰሮው እዚያው ይቀራል። አያቶቻችን ቁልፍ የጠፋበት ኮይን የሚል ስም አላወጡለትም እንጂ ነገሩ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። የብር ኒሷብ 595 ግራም ገደማ ነው። በንጹሕ ብሩ ሲሰላ 26 ጠገራ ማለት ነው። እንግዲህ 26 ጠገራ ቀብሮ ዓመት የሞላው ሰው ዘካ ነበረበት፤ 40 የቀበረ በየዓመቱ 1 ጠገራ ለሚገባቸው ማውጣት ነበረበት። አፈሩ ሳንቲሙን ከሌባ ይሰውረው ይሆናል፤ የድሃውን ሐቅ ግን አይሰውርም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተውባህ አንቀጽ 34 እና 35 ወርቅና ብር አከማችተው በእሱ መንገድ የማያወጡትን በብርቱ ቅጣት ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው።

የራሳችንንም ዘመን እናስታውስ። በመስከረም 2013 መንግሥት የብር ኖት ሲቀይር አሮጌው 10፣ 50 እና 100 ብር በሦስት ወር ውስጥ ካልተቀየረ ወረቀት ሆኖ እንደሚቀር ታወጀ። ከፍራሽ ሥር ገንዘብ የደበቀ ሁሉ ወደ ባንክ ሮጠ። ቀኑ ያለፈበት ሰው እጁ ላይ የቀረው ቁጥር የታተመበት ወረቀት ብቻ ነው።

*ስጦታ ወይስ ሉቀጣ?*

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዲናችን ስጦታ፣ ማለትም ሂባ፣ ሰጪ ያስፈልገዋል። ሰጪው ወዶና ፈቅዶ ካልሰጠ ስጦታ የለም። አላህ በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 29 ገንዘባችንን በመካከላችን በከንቱ እንዳንበላ፣ በመወደድ ላይ የቆመ ንግድ ብቻ ሲቀር፣ ከልክሎናል። ቁልፉ የጠፋበት ሰው አልወደደም፣ አልፈቀደም፤ እያለቀሰ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወድቆ ስለተገኘ ንብረት ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ያገኘው ሰው መያዣውንና ማሰሪያውን ለይቶ እንዲያውቅ፣ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያሳውቅ አዘዙ። ዓመቱ አልፎ ቢጠቀምበት እንኳ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ሊመልስለት ይገባል። ይህ ሉቀጣ ይባላል። እስቲ አስተውሉ፤ ዲኑ "ወድቋልና የማንም አይደለም" አላለም። ከረጢቱንና ክሩን ሳይቀር አስጠበቀ፤ ምክንያቱም የወደቀ ነገርም ባለቤት አለው።

ፍትሐዊ እንሁን። ሌላ ሰው ቁልፉ ጠፍቶበት የአንተ ኮይን ዋጋ ቢጨምር አንተ ከእሱ እጅ የወሰድከው የለም፤ ሌባ አይደለህም። በሮቢት ገበያ የአንዱ ማሳ በጎርፍ ተወስዶ የሌላው ሽንኩርት ቢወደድ ሻጩን ማንም ሌባ አይለውም። ነገር ግን ጎርፉን "ስጦታ" ብሎ የሚጠራ ጎረቤት ምን ዓይነት ሰው ነው? የሰውን ጉዳት እንደ ትርፍ መቁጠር የለመደ ልብ ነገ ያ ጉዳት እንዲደርስ መመኘት ይጀምራል። የወንድምህን መጥፋት እየቆጠርክ ሀብታም ለመሆን መጠበቅ ልብን ያደርቃል።

*ግንቡን ያቆመው ማነው?*

አሁን ወደ ሱራችን ሁለተኛው ገንዘብ እንሂድ። ሙሳና ኸድር (ዐለይሂማ ሰላም) አንድ ከተማ ደረሱ። ምግብ ጠየቁ፤ የከተማው ሰዎች ከለከሏቸው። እዚያው ሊወድቅ የደረሰ ግንብ አገኙና ኸድር አቃናው፤ ያለ ክፍያ። ሙሳ ተደነቁ። በኋላ ምክንያቱ ተነገራቸው፤ ግንቡ የሁለት የቲሞች ነበር፣ ሥሩ ሀብታቸው ተቀብሯል፣ አባታቸው ደግ ሰው ነበር። አላህም ልጆቹ አድገው ሀብታቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ ፈለገ።

ይህን በኮይን ቋንቋ እናስበው። አባት ሞቷል። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው፤ የት እንዳለ አያውቁም፤ ቁልፍ የላቸውም ማለት ነው። በከተማው ስሌት ይህ ሀብት "የጠፋ" ነበር። ግንቡ ቢወድቅ እንግዳ እንኳ የማያበላ ሕዝብ ሊቀራመተው ይችል ነበር። አላህ ግን ያንን ሀብት ለከተማው ስጦታ አላደረገውም። የሁለት ሕፃናትን ሐቅ ለመጠበቅ ሁለት ታላላቅ ሰዎችን ወደ አንድ ያረጀ ግንብ ላከ። ሱብሓነላህ! በአላህ ዘንድ የየቲም ገንዘብ ባለቤቱ ባያውቀውም ባለቤቱ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ግን እንዳንሳሳት። ያ አባት ልጆቹን ለአላህ አደራ ሰጥቷል፤ አላህም ጠብቆለታል። እኛ ግን አደራችንን በጽሑፍ እንድንተው ታዘናል። ኢብን ዑመር እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኑዛዜ ሊያደርግበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ሊያድር እንደማይገባ አስተምረዋል። ሐዲሱን ኢብን ዑመር ከሰሙ በኋላ ወሲያቸው ሳይጻፍ አንዲት ሌሊት እንዳላደሩ ተዘግቧል። በግንብህ በኩል ኸድር እንደሚያልፍ ማን ነገረህ?

*አንድ ልጅ እናስብ*

ስም አንሰጠውም፤ ከመካከላችን ማንኛችንም ልንሆን እንችላለን። ዕድሜው 24 ነው። በሸዋ ሮቢት ማሾ እየገዛ ይነግዳል። ባንክ ጥቂት ገንዘብ አለው፤ ቴሌብር ላይም አለው፤ ለማንም ሳይናገር ደግሞ ኮይን ይዟል። ከጓደኛው 15,000 ብር ተበድሯል። ከኮይኑ ሽጦ ሊመልስለት አስቧል። አንድ ቀን ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ መኪናው ተገለበጠ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

እናቱ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዳ የወራሽነት ማስረጃ ብታወጣ ባንኩ ይከፍታል፤ የቴሌብሩም ገንዘብ በሕግ ይጠየቃል። ዕዳው ይከፈላል፣ ወሲያ ካለ ይፈጸማል፣ የቀረው በሱረቱ ኒሳእ በተነገረው ድርሻ ይከፋፈላል። ኮይኑ ግን? ቃዲው ቢፈርድ፣ ሽማግሌ ቢሰበሰብ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢመሰክር የሚከፍተው የለም። 12ቱ ቃላት ከእሱ ጋር ተቀብረዋል።

አሁን ማን ምን እንዳጣ እንቁጠር። አበዳሪው ጓደኛ ሐቁን አጣ። እናት ድርሻዋን አጣች። ድሃው ዘካውን አጣ። ሟቹ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነገር አለበት፤ ዕዳ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦ መክፈያ አለመተውን ሲሰሙ ራሳቸው አላሰገዱበትም፤ አቡ ቀታዳ "ዕዳው በእኔ ላይ ነው" እስኪሉ ድረስ። ይህ ልጅ መክፈያ ነበረው፤ ነገር ግን ማንም ሊደርስበት አይችልም።

ማን አተረፈ? በሌላ አገር ያሉ የማያውቁት ሰዎች፤ እያንዳንዳቸው ከሳንቲም ባነሰ ነገር። እንግዲህ ያ "ስጦታ" የተሰጠው ከማን ኪስ ነው? ከእናቱ ኪስ። እሷን ደግሞ የጠየቃት የለም።

*ምን እናድርግ?*

1. ወሲያህን ዛሬ ጻፍ። ኮይን ባይኖርህም ጻፍ። ያለብህን ዕዳ፣ ያበደርከውን፣ ያለህን ንብረትና የት እንዳለ ዘርዝር። ሁለት ታማኝ ምስክሮች ይወቁት። ምስጢራዊ ቃላትን በግልጽ አትጻፍ፤ የት እንደተቀመጡና ማን እንደሚያወጣቸው ግን ቤተሰብህ ይወቅ። ዛሬ ጀናዛህ ቢወጣ እናትህ ምን ማግኘት ትችላለች? በዚህ ጥያቄ ራስህን ፈትሽ።

2. በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጥ። በእኛ አካባቢ ይህ ተራ ምክር አይደለም። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰው የለበሰውን ብቻ ይዞ ነው የወጣው። ቤት ውስጥ የቀረ ወረቀት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የባንክ ደብተር ቢቃጠል ባንኩ ይተካዋል፤ 12ቱን ቃላት የሚተካ የለም። ለማያውቁት ሰው መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ "ቃላቶችህን ላክልኝ፣ ላስተካክልልህ" የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

3. ዘካህን አስላ። ልትሸጠው የምትችለው ማንኛውም የንግድ ንብረት ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ካለፈው ሐቅ አለበት። በእርግጥ የማይደረስበት ገንዘብ በፊቅህ ማሉ ዲማር ይባላል፤ ብዙ ዑለማዎች እስኪገኝ ድረስ ዘካው አይጠየቅም ይላሉ። ነገር ግን "ዋጋው እስኪጨምር ደብቄዋለሁ" ማለትና "ጠፍቶብኛል" ማለት አንድ አይደለም።

4. ገንዘብህን አሠራ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በየቲሞች ገንዘብ ንግድ እንዲሠራበት፣ ዘካ እንዳይጨርሰው መምከራቸው ተዘግቧል። ተኝቶ ከሚጠብቅ ገንዘብ ይልቅ ማሾ የሚገዛ፣ የመስኖ ፓምፕ የሚያስጠግን፣ ለአንድ ወጣት ሥራ የሚፈጥር ገንዘብ ለኡማው ይጠቅማል። ኮይን ስለ ቁጥሩ ማነስ ብቻ ሊወደድ ይችላል፤ በረካ ግን ከቁጥር ማነስ አይመጣም።

5. ያገኘኸውን መልስ። በተለይ ስልክ የምትጠግኑ ወንድሞች፣ በደንበኛ ስልክ ውስጥ ወይም በወደቀ ፍላሽ ውስጥ የሰው ቁልፍ ብታገኙ አደራ ነው። ማንም አያየኝም ባልክበት ሰዓት የሚያይህ አለ።

*የዋሻው ሳንቲም*

በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ሳንቲም እንመለስ። የዋሻው ወጣቶች የእናንተ ዕድሜ ነበሩ። ሲሸሹ ያቺን ብር ይዘው ሸሹ፤ ከእነሱ ጋር 300 ዓመት ከዚያም 9 ተጨማሪ አብራቸው ቆየች። ሙፈሲሮች እንደሚሉት ወደ ገበያ የሄደውን ያስነቃበት ይኸው ሳንቲም ነው፤ የቀድሞ ንጉሥ ሳንቲም ስለነበረ ሻጩ ደነገጠ። ገንዘቡ ጊዜው አልፎበታል፤ ኢማናቸው ግን አላለፈበትም። አላህ እስከ ዛሬ በየጁምዓው የሚያስወሳን ኢማናቸውን ነው።

በዚያችው ሱራ አንቀጽ 46 ላይ ገንዘብና ልጆች የዚህች ሕይወት ጌጥ መሆናቸው፣ ቀሪ የሆኑት መልካም ሥራዎች ግን በአላህ ዘንድ በምንዳም በተስፋም የተሻሉ መሆናቸው ተነግሮናል። የተከፈለ ዕዳ፣ የተመለሰ አደራ፣ የተጻፈ ወሲያ ከእነዚህ ቀሪዎች ናቸው። ለእነሱ 21 ሚሊዮን የሚባል ገደብ የላቸውም፤ መዝገባቸውም ቁልፍ አይጠፋበትም።

ዛሬ ከመግሪብ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ። ከዚያ አንድ ወረቀት አንሱና የመጀመሪያውን መስመር ጻፉ፦ "ዕዳዬ ይህ ነው፤ ያለኝም ይህ ነው።"

አላህ ሆይ፣ ሐላል በሆነው አብቃቃን፤ የሰውን ሐቅ ተሸክመን ከአንተ ጋር ከመገናኘት ጠብቀን፤ የቲሞቻችንን ግንብ አቁምላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ለጓደኞቻችሁ አድርሱ፤ በተለይ "ጠፋ የተባለው ለእኛ ነው" ለሚለው ጓደኛችሁ።